ባትሪው ምን በደለ?

(የመኪና ባትሪ መሙያ ቮልቴጅ ከመጠን ሲያልፍ ምክንያቱን ስለ መፈለግ፥ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

የመረጥሁት ርእስ በዚህ መድረክ ከሚነሡት ከታላላቆቹ የታሪክና የኤኮኖሚ ጉዳዮች ጋራ ሲመዛዘን ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በከተማችን ውስጥ ስንት ቤተ ሰብ በአንዲት አሮጌ መኪና እንጀራውን እንደሚበላ የሚያስብ ሰው፥ የዚያች መኪና ባትሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሞት ከመሶቡ ምን እንደሚጎድል አይጠፋውም።

የንግግሬ አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። ቮልቴጅ ከመጠን ሲያልፍ ጥፋቱ የሚታየው በባትሪውና በአምፑሉ ላይ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ቦታ ተደብቆ ይገኛል፤ ከተደበቀበት የሚያወጣውም በትዕግሥት መለካት ነው። አበው «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው፤ ባትሪውን እንለውጣለን፤ አምፑሉን እንለውጣለን፤ በመጨረሻም ዲናሞውን እንለውጣለን፤ የታመመችው መኪና ግን እንደ ታመመች ትቀራለች።

ነገሩን ለመረዳት ትምህርቱን ከመሠረቱ ባጭሩ እንመልከተው። የተለመደው የመኪና ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ያህል ስለሚሰጥ፥ ሞልቶ ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ይለካል። ባትሪውን የሚሞላው በሰፊው ዲናሞ የምንለው፥ በትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር የተባለው መሣሪያ ነው። በውስጡ የሚዞር ማግኔት አለ፤ ይህ ማግኔት የተፈጥሮ ማግኔት ስላልሆነ በካርቦኖቹ በኩል ወደ ጥቅል ሽቦው በሚገባ ትንሽ ኮረንቲ ይፈጠራል። ማግኔቱ ሲዞር በዙሪያው ባሉት የቆሙ ጥቅሎች ውስጥ ተለዋዋጭ ኮረንቲ ይወለዳል፤ ዳዮዶቹም ይህን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኮረንቲ አድርገው ለባትሪው ያስረክባሉ።

እንግዲህ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር የሚወለደው ቮልቴጅ ይጨምራል። ገደብ የሚያበጅለት ባይኖር ቮልቴጁ ሞተሩን እየተከተለ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ገደብ አበጂው ሬጉሌተር ይባላል። ሥራው እንደ ዘበኛ ነው፤ ቮልቴጁ 14 አካባቢ ሲደርስ ወደ ማግኔቱ የሚገባውን ኮረንቲ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ መልሶ ይጨምራል። ይሁን እንጂ ይህ ዘበኛ ራሱ ባትሪው ዘንድ ሄዶ አያይም። በሽቦ በኩል የሚመጣለትን ወሬ እየሰማ ይፈርዳል። ወሬው ከተዛባ ፍርዱም ይዛባል። ይህችን ነጥብ በልባችሁ እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ በእርሷ ላይ የቆመ ነው።

ለመሆኑ ከመጠን ያለፈ የምንለው ስንት ሲሆን ነው? በ12 ቮልት መኪና ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ስንለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ብናገኝ ደኅና ነው። 15 ሲያልፍ መጠራጠር ይገባል። በ24 ቮልት በሚሠሩት የጭነት መኪናዎች ቁጥሩ እጥፍ መሆኑን አትርሱ፤ 28 ገደማ ለእነርሱ ጤና ነው። ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፥ ባትሪ ሲሞቅ የሚሻው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ በየአንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት ያህል ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ ብርድ ጧት ተስማሚ የሆነው 14.5 ቮልት፥ ባትሪው በ20 ዲግሪ በሚሞቅበት በአዋሽ ቆላ ግማሽ ቮልት ያህል የበዛ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ዲናሟቸው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ አዳዲስ መኪናዎች ቮልቴጁን ሆን ብለው ከፍና ዝቅ ያደርጉታል፤ በእነዚህ ላይ በአንድ ጊዜ ንባብ ብቻ መፍረድ አይገባም።

አሁን ጥፋቱን በቁጥር እንየው። ከ14.1 ቮልት ወደ 15.4 ቮልት የወጣች አንዲት መኪና እንውሰድ። ጭማሪው ከመቶ 9 ገደማ ነው። «ከመቶ 9 ምን አለው?» የሚል ይኖራል። ባለ ክር አምፑል ግን ቮልቴጁ ከመቶ 9 ሲጨምርበት ብርሃኑ በሲሦ ያህል ይደምቃል፤ ዕድሜው ደግሞ ወደ ሲሦ ይወርዳል። ነጂው የሚያየው ድምቀቱን ነው፤ በድምቀቱም ይደሰታል። «የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፥ ሞኝ ይልሳል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ደስታ ነው።

የባትሪው ጉዳት ከዚህ ይከፋል። ባትሪው ከሞላ በኋላ የሚገባበት ኮረንቲ ሌላ ሥራ ሲያጣ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ይከፍለዋል። ሒሳቡን ከኬሚስትሪ ክፍል ታውቁታላችሁ፤ አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ሲፈስ በእያንዳንዱ ክፍል 0.34 ግራም ያህል ውሃ ይበተናል፤ በስድስቱ ክፍሎች 2 ግራም መሆኑ ነው። ታክሲዋ 8 ሰዓት ስትሠራ 5 አምፔር ያላግባብ ቢፈስባት በቀን 80 ግራም ውሃ ታጣለች፤ ከ100 ሊትር በላይ ሃይድሮጅንም ከመኪናው አፍንጫ ሥር ይወጣል። ውሃው ሲጎድል ሰሌዳዎቹ ከአሲዱ በላይ ይጋለጣሉ፤ ይደርቃሉ፤ ይረግፋሉም። ሃይድሮጅን ከአየር ጋራ ሲደባለቅ ከመቶ 4 ከደረሰ በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሊቀጣጠል ይችላል። ባትሪ ሲፈነዳ አሲዱ የሚረጨው ጐንበስ ብሎ በሚያየው ሰው ፊት ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ ከገንዘብ ኪሳራ አልፎ የዓይን ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ምልክቶቹን ለይቶ ማወቅ አያስቸግርም። አምፑሎች ቶሎ ቶሎ ይቃጠላሉ። ነዳጅ ሲሰጥ የፊት መብራቱ ከልክ በላይ ይደምቃል። የባትሪው ውሃ በየሳምንቱ ይጐድላል። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ መሳይ ነገር ይከማቻል። ኮፈኑ ሲከፈት የሚጐመዝዝ ወይም እንደ ተበላሸ እንቁላል ያለ ሽታ ይሸታል። የባትሪው ጐን ካበጠ ደግሞ ነገሩ ከመጠን አልፏል፤ እንዲህ ያለውን ባትሪ መነካካት አይገባም፤ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መራቅ ነው።

ወደ መለካቱ ከመሄዳችን በፊት ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ቃል ልናገር። ባትሪ አጠገብ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አይለኰስም። ዓይንን በመነጽር መጋረድ፥ ቀለበትና ሰዓት ማውለቅ፥ ከረባትና ነጠላን ከቺንጋውና ከማራገቢያው ማራቅ፥ ብዙ ንጹሕ ውሃ በቅርብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አሲድ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ለረጅም ጊዜ በውሃ አጥቦ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

በየጋራዡ ስለ ተለመደው አንድ ክፉ ልማድም ዝም ብዬ አላልፍም። ይኸውም «ዲናሞው ይሠራ እንደሆነ እንይ» ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ መንቀል ነው። ይህ ልማድ ከአሮጌዎቹ ዲናሞዎች ዘመን የቀረ ነው። በአልተርኔተር ላይ ግን ባትሪው በድንገት ሲነቀል ማግኔቱ ኃይሉን ወዲያው ሊቀንስ ስለማይችል፥ ለቅጽበት ከ60 ቮልት የሚበልጥ ማዕበል ሊነሣ ይችላል። ዳዮዶቹ ሊቃጠሉ ይችላሉ፤ መኪናው ኮምፒዩተር ካለው እርሱም አብሮ ሊሄድ ይችላል። በሽተኛውን ለመመርመር ተብሎ በሽተኛውን መግደል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ መለካቱ እንግባ። በመጀመሪያ የሚመረመረው ቴስተሩ ራሱ ነው። የብዙዎቹ ቁጥር አሳዪ ቴስተሮች ውስጣዊ ባትሪ ሲደክም ንባባቸው ከእውነቱ በላይ ይሆናል። 12.6 ቮልት ሊያሳየን የሚገባው ያረፈ ባትሪ 13.8 ካሳየን ጥፋቱን ከመኪናው ላይ ከመፈለጋችን በፊት የቴስተሩን ባትሪ እንለውጥ። መስፈሪያው ካልታመነ እህሉ አይሰፈርም።

ሁለተኛ፥ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ባትሪውን ለክተን ቁጥሩን በወረቀት እንጽፋለን። ሦስተኛ፥ ሞተሩን አስነሥተን በሚኒሞ እንለካለን። አራተኛ፥ ረዳት ነዳጅ ሰጥቶ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2000 ዙር እንዲያደርሰው እናደርጋለን፤ ከዚያም ትንሽ ከፍ አድርጎ እንዲይዘው። አምስተኛ፥ መብራቱን፥ የማሞቂያውን ማራገቢያና የዝናብ መጥረጊያውን ከፍተን እንደገና እንለካለን። ይህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ከእነዚህ ቁጥሮች በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የምርመራው ቁልፍም ይህ መለያ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ብሎ፥ ለምሳሌ 15.4 ላይ ደርሶ፥ ሞተሩ ቢፈጥንም ባይፈጥንም እዚያው ከቆመ ዘበኛው ነቅቷል ማለት ነው። ገደብ ያበጃል፤ ነገር ግን ገደቡን ያበጀው ከተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ቮልቴጁ ሞተሩን እየተከተለ 16፥ 17፥ 18 እያለ የሚወጣ ከሆነ ግን ገደብ አበጂ የለም፤ ዘበኛው ሞቷል፥ ወይም ሌባው በሌላ በር ገብቷል። የሁለተኛው ዓይነት ሲያጋጥም ሞተሩን ቶሎ ማጥፋት እንጂ ቁጥሩ እስከ የት እንደሚደርስ ለማየት መጠበቅ አይገባም።

የመጀመሪያውን መንገድ በአንድ ምሳሌ ላስረዳ። ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ ጐዳና ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ የምናውቃት ላዳ ታክሲ ከጣሊያኗ ፊያት 124 የተወለደች ናት፤ በሶቪየት ኅብረት መሠራት የጀመረችው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በቀድሞዎቹ ላዳዎች ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ተለይቶ በሞተሩ ክፍል ውስጥ ለብቻው የታሰረ ትንሽ ሣጥን ነው። ሁለት ጫፎች አሉት፤ 15 እና 67 የሚል ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። በ15 ኮረንቲ ይገባል፤ በ67 ወደ ማግኔቱ ይወጣል። መመለሻው ደግሞ መካኒኮቻችን ማሳ የሚሉት የመኪናው አካል ነው። ጫፍ 15 ኮረንቲውን የሚቀበለው ከባትሪው በቀጥታ ሳይሆን በማስነሻው ቁልፍና በፊውዝ ሣጥኑ በኩል ዞሮ ነው፤ ሬጉሌተሩ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚያውቀውም በዚሁ ጫፍ ነው። ማግኔቱን የሚመግበውና ወሬ የሚያመጣው ሽቦ አንድ ነው ማለት ነው።

ጋሼ ብዬ የምጠራቸው አንድ ጐረቤታችን እንዲህ ያለች ላዳ ነበረቻቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ባትሪ ለወጡ። አንድ ጋራዥ ሬጉሌተሩን ለወጠላቸው፤ ሌላው ደግሞ ዲናሞውን ለወጠ፤ ሦስተኛው ባትሪ ግን ውሃውን መጨረስ ጀመረ። «ልጄ፥ መብራቷ እኮ እንደ ፀሐይ ነው፤ ዲናሞዋ ምን ይወጣላታል!» ይሉ ነበር። «ጋሼ፥ እስቲ በቁጥር እንየው» አልኋቸውና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮፈኑን ከፈትን።

ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 15.4 ቮልት ተገኘ። ነዳጅ ሲጨመር ከ15.4 ፈቀቅ አላለም። የማሞቂያውን ማራገቢያ ሲከፍቱት ግን 15.7 ሆነ። ይህን ልብ በሉ። ጤነኛ መኪና ጭነት ሲበዛባት ቮልቴጇ ባለበት ይቆያል፥ ወይም ጥቂት ይቀንሳል። ጭነት ሲጨመርባት ቮልቴጅ የምትጨምር መኪና ሕመሟን በራሷ አንደበት እየተናገረች ነው። ማራገቢያው ኮረንቲውን የሚወስደው በዚያው በማስነሻ ቁልፍ በኩል ስለሆነ፥ በቁልፉ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ ሲበዛ በመንገድ የሚባክነው ቮልቴጅም ይበዛል፤ ሬጉሌተሩ ያነሰ ቮልቴጅ ስለሚደርሰው «ባትሪው ተርቧል» ብሎ ዲናሞውን የበለጠ ያሠራዋል።

ከዚህ በኋላ አንዱን የቴስተር ዘንግ በባትሪው አዎንታዊ ጫፍ፥ ሌላውን በሬጉሌተሩ ጫፍ 15 ላይ አድርገን፥ ማራገቢያው ተዘግቶ ሞተሩ እየሠራ ለካን። በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ልዩነት ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት ባይበልጥ መልካም ነበር። የተገኘው ግን 1.3 ቮልት ነው። ሒሳቡ እዚሁ ላይ ተገለጠ፤ ከ15.4 ላይ 1.3 ሲቀነስ 14.1 ይቀራል። ሬጉሌተሩ በሚደርሰው ወሬ መሠረት 14.1 ላይ ጠብቆ ሥራውን በትክክል እየሠራ ኖሯል! ጥፋተኛ ተብሎ የተጣለው የመጀመሪያው ሬጉሌተርም፥ ያ ዲናሞም ምናልባት ጤነኞች ነበሩ።

የቀረው ያ 1.3 ቮልት የት እንደሚጠፋ በመንገዱ ላይ እየተከተሉ መፈለግ ነው። በሽቦዎቹ ላይ 0.1፤ በማስነሻው ቁልፍ ላይ 0.3፤ በፊውዙና በመያዣዎቹ ላይ 0.9። ፊውዙን ስናወጣው መያዣው ዝጎ፥ መልኩ ጠቁሮ ተገኘ። ሞተሩን አጥፍተን፥ የባትሪውን ማሳ ፈትተን፥ መያዣውን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጠርገን አዲስ ፊውዝ አደረግንበት። እንደገና ሲለካ ባትሪው ላይ 14.5 ሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት የማስነሻው ቁልፍ ሲለወጥ 14.2 ላይ ወረደ። ሁለት ባትሪ፥ አንድ ሬጉሌተርና አንድ ዲናሞ ያልፈወሱትን በሽታ አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ የቁልፍ መለዋወጫ ፈወሱት።

እዚህ ላይ አንድ ጓደኛዬ «ለምን በኦም መለኪያ ቀጥታ አትለኩትም ነበር?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያ መስመር የሚያልፈው ኮረንቲ 4 አምፔር ያህል ቢሆን፥ በኦም ሕግ 0.9 ለ4 ሲካፈል የፊውዙ መያዣ ተቃውሞ 0.2 ኦም ገደማ ብቻ ነው። ርካሽ ቴስተር የገዛ ሽቦዎቹ ብቻ ይህን ያህል ተቃውሞ አላቸው፤ ስለዚህ «ደኅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለው ሕመም የሚታወቀው ኮረንቲ እያለፈበት፥ መኪናው በሥራ ላይ ሆኖ፥ የሚባክነው ቮልቴጅ ሲለካ ነው።

የማሳውንም ነገር መርሳት አይገባም። ሬጉሌተሩ የሚያወዳድረው ጫፍ 15ን ከራሱ አካል ጋራ ስለሆነ፥ የታሰረበት ብሎን ከዛገ ወይም ቀለም ከገባበት ያው ስሕተት ይፈጠራል። አንዱን ዘንግ በባትሪው አሉታዊ ጫፍ፥ ሌላውን በሬጉሌተሩ ቆርቆሮ ላይ አድርጋችሁ ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካገኛችሁ ብሎኑን ፈትቶ፥ ጠርጎ፥ አጥብቆ ማሰር ነው። ማሳው ጨርሶ ከተቋረጠ ደግሞ ሬጉሌተሩ ዓይኑ ይጠፋል፤ ቮልቴጁም ያለ ገደብ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ይህም ወደ ሁለተኛው መንገድ ያደርሰናል፤ ቮልቴጁ ከሞተሩ ጋራ እየወጣ ገደብ ሲያጣ ማለት ነው። ማሳው ደኅና መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ወደ ማግኔቱ የሚሄደውን የ67ን ሽቦ ከሬጉሌተሩ ነቅሎ፥ ጫፉን ከብረት እንዳይነካ ጠቅልሎ እንደገና ማስነሣት ነው። ሽቦው ተነቅሎ ዲናሞው መሙላቱን ካቆመ፥ ጥፋቱ ከሬጉሌተሩ ውስጥ ነው፤ በአሮጌው ዓይነት መገናኛዎቹ ተጣብቀዋል፥ በኤሌክትሮኒኩ ዓይነት ትራንዚስተሩ ተበላሽቷል፤ አሁን መለወጡ ተገቢ ይሆናል። ሽቦው ተነቅሎም ዲናሞው መሙላቱን ከቀጠለ ግን የ67 ሽቦ ልብሱ ተልጦ ሌላ አዎንታዊ ሽቦ ነክቷል፤ ስንት ሬጉሌተር ቢለወጥ ዋጋ የለውም። አንዳንድ ሌሎች መኪናዎች ላይ ሬጉሌተሩ ማግኔቱን የሚቈጣጠረው በማሳው በኩል ነው፤ በእነዚያ ላይ ያው ጥፋት የሚመጣው ሽቦው አካሉን ሲነካ ነው። ስለዚህ መኪናው ከየትኛው ወገን መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሬጉሌተሩ ከዲናሞው ውስጥ በተሠራባቸው መኪናዎች ደግሞ ይህ ሽቦ ከውጭ አይገኝም፤ የማሳውንና የወሬ ሽቦውን ፈትሾ ደኅና ከሆኑ ዲናሞውን ማስፈታት ይቀራል።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞቼ፤

«ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምኑ ነው?» የሚል አሳብ በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ። የኦምን ሕግ ሁላችንም ለፈተና አጥንተነዋል፤ 0.2 ኦም ያላት አንዲት የዛገች ፊውዝ የአንድን ቤተ ሰብ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደምትበላ ግን ከመጽሐፉ ላይ አልተጻፈልንም። በሌላ በኩል እጁ በዘይት የጠቆረው መካኒክ ብሎኑን በድምፁ ያውቀዋል፤ የሚባክነውን ቮልቴጅ መከተል ግን ያስተማረው የለም። ዕውቀቱ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሰፈር ተቀምጧል፤ በመካከል የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው።

ጉዳዩ ዛሬ የበለጠ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታውቋል። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉ ይፈለጋል፤ ሽቦዎቻቸውም ከዓመት ወደ ዓመት እያረጁ፥ መገናኛዎቻቸው እየዛጉ ይሄዳሉ። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት አዳዲሶቹ መኪናዎችም ከዚህ ትምህርት ነጻ አይደሉም፤ ከታላቁ ባትሪያቸው ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አብዛኞቹ ይይዛሉ፤ እርሱን የሚሞላው መሣሪያ ዲናሞ ባይሆንም ባትሪው ስንት ቮልት እየደረሰው እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልገዋል። የታላቁ ባትሪ ቮልቴጅ ግን ሰው የሚገድል ስለሆነ ያለ ልዩ ትምህርት የሚደፈር አለመሆኑን አያይዤ አሳስባለሁ።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ አሳብ አቀርባለሁ። ማኅበሩ ጥቂት ቴስተሮችና የዓይን መነጽሮች ይግዛ፤ በወር አንድ ቅዳሜ የፊዚክስና የምሕንድስና ተማሪዎች በአንድ መምህር ተቈጣጣሪነት በግቢያችን በር አጠገብ ተቀምጠው ለመጣ ታክሲ ሁሉ በነጻ ይለኩ። ጥገናውን አንሠራም፤ የመካኒኩን እንጀራ አንሻማም። ባትሪው ላይ ስንት ቮልት እንደ ተገኘ፥ በአዎንታዊው መስመር ስንት፥ በማሳው ስንት እንደሚባክን በአንዲት ወረቀት ጽፈን ለነጂው እንስጠው። ነጂው ያችን ወረቀት ይዞ ወደ ጋራዥ ሲሄድ «ባትሪ ለውጥ» ሲባል «እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ምን ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። መካኒኩም ያየውን ወረቀት በሚቀጥለው ጊዜ ራሱ ሊሞላው ይሞክራል። እኛም በበኩላችን በመጽሐፍ ያነበብነውን 0.2 ኦም በእጃችን እንነካዋለን።

አሳቡ ተቀባይነት ካገኘ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኔን አስታውቃለሁ፤ ስማቸውን ለማስመዝገብ የሚፈልጉ ጓደኞቼም ከስብሰባው በኋላ ከጸሐፊው ዘንድ ወረቀቱን ያገኙታል።